ቪዛ ሳይፈቀድ ወደ ውጭ አገር መሄድ

የቁሓ ሰው አውሮፕላን ብርቁ አይደለም። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ አጠገቡ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር መሄድ ቀላል ይመስለዋል። ልጇ ውጭ የምትኖር እናት «ነይና እይኝ» ትባላለች። ጎረምሳው ደግሞ «ቱሪስት ነኝ ብለህ ግባ፤ ሥራው ከዚያ በኋላ ይገኛል» ይባላል። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። «ማመልከቻው ገብቷል። ቪዛው ግን ገና ነው። ትኬት ቆርጠን ብንሄድስ?»

መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ምክንያቱን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ምክንያቱን ባለማወቅ በሬ የሸጠ ብዙ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ፓስፖርት የሚሰጠው የገዛ አገራችን መንግሥት ነው። ሰውየው ማን እንደሆነና የየት አገር ዜጋ እንደሆነ ይናገራል። ቪዛ ግን የሚሰጠው የምንሄድበት አገር ነው። መታወቂያ ይዣለሁ ተብሎ ሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም፤ ባለቤቱ «ይግቡ» ማለት አለበት። ቪዛ ማለት ያ «ይግቡ» የሚለው ቃል ነው። የቱሪስት ቪዛ ደግሞ አገር ለማየት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ለጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው። እንደ ኬንያ ያሉ ጥቂት አገሮች ኢትዮጵያዊን ለጉብኝት ሲገባ ቪዛ አይጠይቁትም። አብዛኞቹ ግን ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ለቪዛ ሲያመለክት አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ ስም አለበት፣ ቁጥር አለበት፣ አንዳንዴም ማኅተም አለበት። ይህ ወረቀት «ማመልከቻህን ተቀብለናል» ይላል እንጂ «ፈቅደናል» አይልም። አንዳንድ ደላላ ይህንኑ ወረቀት አምጥቶ «ቪዛው ወጣ፤ የቀረውን ገንዘብ አምጣ» ይላል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገበሬው ያምነዋል። ገንዘብ ከመቁጠሩ በፊት የሚያነብ ሰው ፈልጎ ቢያስነብብ፣ ሁለት ሰው ቢያስነብብማ ይበልጥ፣ ነገሩ እዚያው ይታወቅ ነበር።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከቁሓ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የሚጠየቀው ትኬትና መታወቂያ ነው። አገር ውስጥ ነውና ቪዛ የሚለው የለም። መንገደኛው «ይኸው አውሮፕላን ላይ ወጣሁ፤ አለቀልኝ» ይላል። ጉዱ የሚመጣው ቦሌ ላይ ነው። እዚያ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ ቪዛ ይፈልጋል። ካጣ አያሳፍረውም። ይህ የሠራተኛው ክፋት አይደለም። በብዙ አገሮች ሕግ፣ ቪዛ የሌለው ሰው ያመጣ አየር መንገድ ይቀጣል። ሰውየውንም መልሶ እንዲወስድ ይገደዳል። እንግዲህ ልመናም ለቅሶም አይሠራም። የትኬቱ ገንዘብም ሁልጊዜ አይመለስም፤ ርካሹ ትኬት ብዙውን ጊዜ የማይመለሰው ነው።

ታዲያ ምን ያህል ይጠበቃል? እንደየአገሩ ይለያያል። የአውሮፓን የሼንገን አገሮች እንውሰድ። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ኢጣሊያ ከእነዚህ ናቸው። መልስ እስኪሰጡ እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ነው። ቢከለከሉም አይመለስም። የሚሻለው የአውሮፕላኑን ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው። ክፍያው ቪዛው ከተፈቀደ በኋላ ይሁን።

«ቱሪስት ነኝ ብለህ ግባ» ስለተባለው ጎረምሳ ደግሞ ጥቂት እንበል። በቱሪስት ቪዛ የገባ ሰው ሥራ የመሥራት መብት የለውም። አሠሪው ደመወዝ ቢከለክለው ለፖሊስ መክሰስ ይፈራል፤ ራሱ ይያዛላ! ከጥቅምት 2006 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የትግራይ ልጆችም ብዙ ነበሩባቸው። ስንቱ ከነዕዳው ገባ! ለሥራ የሚሄድ ሰው የሥራ ቪዛ ነው የሚያስፈልገው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የፓስፖርትና የጤና ምርመራ የመሰለው ወጪ የሠራተኛው ነው። እንግዲህ «ለሥራ ቪዛ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ በመጀመሪያ ይህን ይመልስ።

ቪዛው በእርግጥ ሲመጣም ዝም ብሎ ኪስ ውስጥ አይከተትም፤ ይነበባል። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ቀኑ ይታያል። ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ 05/10/2025 ቢል ቀኑ 5፣ ወሩ 10ኛው ማለትም ኦክቶበር ነው፤ በእኛ መስከረም 25 ቀን 2018 ይሆናል። አንዳንድ አገር ወሩን ያስቀድማልና ይህም ይጠየቅ። ደግሞም ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ። አንደኛው ቪዛው የሚያገለግልበት ጊዜ ነው፤ ሌላው እዚያ አገር ውስጥ የሚቆዩበት ቀን ብዛት ነው። ቪዛው ለሦስት ወር ያገለግላል ቢልም የመቆያው ቀን 30 ብቻ ሊሆን ይችላል። ልጇን ልትጠይቅ የሄደች እናት በሠላሳኛው ቀን ሳያልፍባት ትመለሳለች ማለት ነው።