ሕፃናትን ይዞ ከደጋ ወደ ሩቅ ቆላ ስለ መስፈር

ሰው የተወለደበትን አገር ትቶ ወደ ሌላ አገር የሚሄደው ወይ ሲሳይ ሲስበው ወይ ረኃብ ሲገፋው ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ያልቀናው እንደ ሆነ ስንቁን በትከሻው አድርጎ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሚስቱንና ሕፃናቱን ይዞ የሚሄድ ግን ቤቱን ነቅሎ ስለሚሄድ የመመለሻው መንገድ ይጠብበታል። ስለዚህ የሰፈራ ነገር የአባወራው ብቻ ሳይሆን የእናቲቱና የሕፃናቱም ነገር መሆኑን በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ለማስታወስ አስበናል።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር ከጉና ተራራ ጀምሮ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ አገር ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ደጋው ብርዳም ሆኖ ገብስና ድንች ያበቅላል። ነገር ግን መሬቱ ተዳፋት ስለ ሆነ አፈሩን ጎርፍ ወስዶታል፤ የአባት እርሻም ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ሄዷል። ክረምቱ የዘገየ ወይም ቶሎ የወጣ እንደ ሆነ ጎተራው ባዶ ይቀራል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተ ሰብ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቆላ አዙሯል።

በ1977 ዓ.ም. ታላቁ ረኃብ በሆነ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከሸዋና ከሌላም አገር 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ወስዶ አሰፈረ። በመተከል የሚገኘው ፓዌ ከሰፈሮቹ አንዱ ነው። ሥራው በችኮላ፥ ብዙ ጊዜም በግድ ስለ ተደረገ፥ ባል ከሚስቱ፥ ልጅ ከእናቱ ተለየ። የደጋ ሰው የቆላውን አየር ሳይለምድ በንዳድና በሌላም በሽታ ብዙ ነፍስ ጠፋ።

በ1995 ዓ.ም. ሌላ ሰፈራ ሲጀመር ያለፈው ጥፋት እንዳይደገም አራት ነገሮች በመመሪያ ተጻፉ። ሰው በፈቃዱ እንጂ በግድ እንዳይሄድ፤ ሰፈራው ያልታረሰ መሬት ባለበት እንዲሆን፤ ከነባሮቹ ሰዎች ጋር አስቀድሞ ምክር እንዲደረግ፤ ውሃ፥ ጤና ጣቢያ፥ መንገድና ትምህርት ቤት ሰው ሳይደርስ እንዲዘጋጁ ነው። በመላው አገር በሦስት ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራ ለማስፈር ታስቦ ነበር። በአማራ ክልል ዝናብ ከሚያጥራቸው የምሥራቅ ወረዳዎች የተነሡት ሰዎች ወደ መተማ፥ ወደ ቋራና ወደ ጃዊ ወረዱ። ለአንድ ቤተ ሰብ እስከ 2 ሄክታር መሬትና ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀለብ እንዲሰጥ፥ በትውልድ አገሩ ያለው መሬቱም 3 ዓመት እንዲጠበቅለት ተወሰነ።

በእኛ አሳብ ለባለ ሕፃናት ቤተ ሰብ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ይህ የ3 ዓመት ነገር ነው። መሬት የሚገኘው በአንድ ቀን ቢሆንም፥ ሕፃን አገሩን የሚለምደው በዓመታት ነው። እንዲህ ያለው የመመለሻ በር የተከፈተለት አባት አስቀድሞ ብቻውን ወርዶ፥ ቤት ሠርቶ፥ የመጠጥ ውሃውን አይቶ ቤተ ሰቡን ለማስመጣት ጊዜ ያገኛል። በሩ የተዘጋበት ግን ልጁ እየታመመም ቢሆን እዚያው ለመቀመጥ ይገደዳል።

የመተማና የቋራ ቆላ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ አብዝቶ የሚሰጥ አገር ነው። ነገር ግን በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉና የዋልካው መሬት ሲጨቀይ መንገዱ ይቆረጣል፤ አንዳንዱ ሰፈርም በውሃ መካከል እንዳለ ደሴት ብቻውን ይቀራል። ንዳድ የሚበረታውም ዝናቡ አብቅቶ ውሃ በየጉድጓዱ ሲተኛ ነው። የቀድሞ ሰዎች ቀን በቆላ አርሰው ሌሊት ወደ ደጋ ወጥተው ያድሩ የነበረው ይህን በማወቅ ነው። ንዳድ ለምዶት የማያውቅ የደጋ ሕፃን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት ሁልጊዜ በአጎበር ውስጥ ይተኙ፤ ትኩሳት የጀመረው ልጅም 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁለተኛው ጠላት ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። ይህን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፥ ሰውነቱ የከሳ፥ ጣፊያውም ያበጠ ሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ይህ በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ከቆላ የቀን ሥራ በተመለሱ ሰዎች ሳይመጣ አልቀረም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሜዳ ላይ በግራር ሥር ማደር ለሕፃናት ቀርቶ ለአዋቂም አይገባም።

የሚያጠቡ እናቶችም ሙቀቱን አይተው ለጨቅላ ውሃ ለመስጠት ይቸኩላሉ። ይህ አያስፈልግም። በቆላም ቢሆን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ይበቃል፤ ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ግን ተቅማጥ ያመጣል። ውሃው የሚያስፈልገው ለእናቲቱ ነውና እርስዋ አብዝታ ትጠጣ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደ ተባለ፥ የቆላውን ጠባይ ከነባሮቹ መማር ይገባል። ጉሙዞችና ሌሎቹ የቆላ ሰዎች የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፥ ገንዲ ከብት የሚፈጅበት ሥፍራም የት እንደ ሆነ ያውቃሉ። መሬቱን ባዶ ነው ብሎ እነርሱን የናቀ ሰፋሪ ጎረቤት ያጣል፤ ጎረቤት ያጣ ቤተ ሰብም ሌሊት ልጅ ሲታመምበት የሚጣራው ሰው አይኖረውም።

እናንተም በየወረዳው ያላችሁ የተከበራችሁ ሹማምንት፥ የሰፋሪ ስም በምትጽፉበት ጊዜ አባወራውን ብቻ ጠይቃችሁ አትለፉ። ሚስቱን ለብቻዋ አስጠርታችሁ፥ ስንት ሕፃን እንዳላት፥ ነፍሰ ጡር እንደ ሆነችና በፈቃድዋ እንደምትሄድ ጠይቋት። ጤና ጣቢያው መድኃኒት፥ ጉድጓዱም ውሃ እንዳለው በወሬ ሳይሆን በዓይን ሳታረጋግጡ ሕፃናትን አትስደዱ፤ ክረምት ገብቶ መንገድ ሊቆረጥ ሲልም አታስነሡ። ያንድ ሰፈራ መልካምነት የሚታወቀው በታረሰው መሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን፥ ከጋይንትና ከስማዳ ታዝለው የወረዱት ሕፃናት በሦስተኛው ዓመት በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ነው።