በሽታውና ሕመሙ

አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ነርሷ እግረ መንገዷን የደም ግፊታቸውን ስትለካ 180 በ110 ሆነ። «እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?» «ኧረ ምንም አላመመኝ፣ ተመስገን!» እሳቸውም መሣሪያውም አልዋሹም። በሽታው አለ፤ ሕመሙ ግን ገና አልመጣም።

በዕለት ንግግራችን ሁለቱን ቃላት እናቀላቅላቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። በሽታ መሣሪያ የሚያነበው፣ ላብራቶሪ የሚያወጣው፣ ካርድ ላይ የሚጻፈው ነው። ሕመም የባለቤቱ ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ከሥራ የሚያስቀረው፣ ሰው ፊት የሚያሳፍረው። ሐኪሙ በአብዛኛው የፊተኛውን ይከታተላል። ከታካሚው ጋር የምትውል የምታድረው ነርስ ግን አንዱን ይዛ ሌላውን መተው አትችልም። ከላይ ላሉት እናት ያልተሰማቸውን በሽታ ማስረዳት አለባት፤ ለሌላው ደግሞ ምርመራው «ምንም የለም» ያለውን ሕመም ማመን።

ታዲያ ጤና ምንድን ነው? በ1948 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ፣ ጤና ከበሽታ ነፃ መሆን ብቻ ሳይሆን በአካል፣ በአእምሮና በማኅበራዊ ኑሮ የተሟላ ደህንነት ነው ይላል። ያቺ «የተሟላ» የምትለው ቃል ታስቸግራለች፤ በእሷ ከሄድን ጥርሱን ያመመውም ዕዳ ያስጨነቀውም ጤነኛ አይባልም። ለነርስ ሥራ የሚቀርበው አሜሪካዊው ሐኪም ሃልበርት ደን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ሐሳብ ይመስለኛል፦ ሰው ባለበት ሁኔታ ውስጥ ሆኖ አቅሙ ወደሚፈቅደው የተሻለ ኑሮ መራመዱ። እንግሊዝኛው ዌልነስ ይለዋል። በአማርኛ «ደህንነት» ብንለው ሰሚው የጸጥታ መሥሪያ ቤት ትዝ ይለዋል፤ «ደህና መሆን» ሳይሻል አይቀርም።

ሐሳቡ የሚፈተነው የማይድን በሽታ ፊት ነው። ዝሆኔን እንውሰድ፤ በትንኝ የሚመጣውን ሳይሆን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፣ የደጋውን። በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ የኖሩና በዘር የተጋለጡ ሰዎች ላይ ይከሰታል። ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጎረቤት ግን «ይተላለፋል» ወይም «የዘር ነው፣ ማምለጫ የለውም» ይላል፤ የቤቱ ሴት ልጅ ጠያቂ ታጣለች፣ አባትየው ከማኅበር ይቀራል። ይህ ሁሉ ሕመም ነው፤ የትኛውም የደም ምርመራ ግን አያሳየውም።

የነርሷ ሥራ የሚጀምረው ከሳፋ ነው። እግሩ በሳሙና ይታጠባል፤ ጠብታ በረኪና በገባበት ውሃ ይዘፈዘፋል። በጣቶቹ መካከል ያለው እርጥበት በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፤ እዚያች እጥፋት ውስጥ የቀረ እርጥበት ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፣ ከዚያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት መጥቶ ገበሬውን በእርሻ ወቅት አልጋ ላይ ያውለዋል። ቫዝሊን ይቀባል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ከገበያ የሚገዛው ጫማ ላበጠ እግር ስለማይገባ በልክ ማሠራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ምክር የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ የሚያስተኛውን ትኩሳት ይቀንሰዋል።

የእግሩ ዙሪያ በሴንቲሜትር ተለክቶ ካርዱ ላይ ይጻፋል። «የጎረቤትዎን ለቅሶ ደረሱ? እድሩ ላይ ተቀመጡ?» የሚለው ግን በአፍ የሚጠየቅ ነው። ልኬቱ ካለፈው ወር ብዙም ሳይለወጥ፣ የዚህኛው መልስ «አዎ ሲስተር፣ ጫማዬን አድርጌ» ሊሆን ይችላል።