የወይን ጠጅ የሚመዘነው በስሙ ነው ወይስ በጣዕሙ?

ገዢ ሁሉ የዕቃውን ምልክት አይቶ ዋጋ ለመስጠት እንደሚቸኩል የታወቀ ነው። ይህ ልማድ በወይን ጠጅ ንግድ ላይ ይበልጥ ይበረታል፤ ጠርሙሱ ታሽጎ ስለሚሸጥ ገዢው ከመቅመሱ አስቀድሞ የሚያገኘው ምስክር በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነውና። ይህ ምስክር ምን ያህል እንደሚታመን በኢጣልያና በካሊፎርኒያ ጠጆች ላይ የደረሰው ነገር ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢጣልያ፣ በቶስካና አውራጃ፣ ለባሕር በቀረበችው በቦልጌሪ ማርኬዝ ማሪዮ ኢንቺዛ ዴላ ሮኬታ የተባሉት መኰንን ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለውን የፈረንሳይ ወይን ተከሉ። ጠጁም ሳሲካያ ተብሎ ከ1968 ምርት ጀምሮ ለገበያ ቀረበ። ነገር ግን በ1963 የወጣው ደንብ ለቦልጌሪ ቀይ ጠጅ ስፍራ ስላልሰጠው፣ «የገበታ ወይን ጠጅ» በሚለው በዝቅተኛው ስም ይሸጥ ነበር። ሆኖም በ1978 ለንደን ላይ የብዙ አገሮች ካቤርኔ ሲመረመር የ1972ቱ ሳሲካያ ቀዳሚ ሆነ። በደንቡ ውስጥ ስሙ የታወቀለት ግን በ1994 ነው።

የካሊፎርኒያም ዕድል ይህን ይመስላል። ሜይ 24 ቀን 1976 እንግሊዛዊው የወይን ጠጅ ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፓሪስ ላይ የካሊፎርኒያንና የፈረንሳይን ጠጆች ስማቸውን ሰውሮ ለዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች አቀረበ። ውጤቱ ሲነበብ ከቀዩ የስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ፣ ከነጩ የሻቶ ሞንተሌና፣ ሁለቱም የ1973 ምርት፣ ታላላቆቹን የፈረንሳይ ጠጆች ቀድመው ተገኙ።

የመመርመሩ ሥርዓት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጠርሙሱ ይሸፈናል፤ ጠጁ በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ይቀዳል፤ መልኩ በብርሃን ይታያል፤ ብርጭቆው ተዟዙሮ መዓዛው ይሸተታል፤ ከዚያም ጠጁ በአፍ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ይተፋል። ኮምጣጣነቱ፣ ምላስን የማድረቅ ኃይሉና ጣዕሙ በአፍ የሚቆይበት ጊዜ እየተለየ ይጻፋል። ደግሞም ወገን ከወገኑ ጋር መነጻጸር አለበት። ኔቢዮሎ ከተባለው ወይን የሚጠመቀው የፒየሞንቴ ባሮሎ በልጅነቱ ምላስን አጥብቆ ያደርቃል፤ ስለዚህም ደንቡ ከመከር በኋላ ቢያንስ 38 ወር እንዲቆይ ያዛል። ይህን ጠጅ ለስላሳ ከሆነው የካሊፎርኒያ ቀይ አጠገብ አኑሮ ጎደሎ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ይሁን እንጂ ምላስም ቢሆን ይሳሳታል። ሮበርት ሆጅሰን የተባሉት ምሁር ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ግዛት ትርኢት ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳውን ጠጅ ለዳኞች ሳይነግሩ ሦስት ጊዜ አስቀመሱ። በ2008 እንዳሳተሙትም ለዚያው ጠጅ ሦስቱንም ጊዜ ተቀራራቢ ነጥብ የሰጡት ከአሥር ዳኞች አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ብዙ ሣጥን ለማስመጣት ወይም ለግብዣ ለመግዛት ያሰበ ሰው በወረቀቱም በሜዳዩም ብቻ ሊታለል አይገባውም። ጠርሙሱን ሸፍኖ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ባልንጀሮች ጋር፣ በተለያዩ ቀናት ይቅመስ፤ አሳቡንም ዋጋውን ከመስማቱ በፊት ይጻፍ። በሁለቱም ቀን ያመሰገነውን ጠጅ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም።