ግድግዳው የት ገባ?

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ማድ ቤት ግቡና መብራቱን አጥፉ። ሁለት ስልክ ያዙና መብራታቸውን ነጩ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን አብሩ። ሁለቱ ብርሃኖች የተደራረቡበት ቦታ ከቀረው ይልቅ ቦግ ብሎ ይታያል። ዙሪያው በሙሉ ተንቀሳቃሽ ምስል የሆነ ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ ራስ ምታቱ ይህ ነው።

ኒውዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲህ ያለ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ተከፍቷል፤ «የማይታዩ ዓለማት» ይሉታል። ግድግዳው 7 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በ12 ደቂቃ ውስጥ ከዘረመል እስከ ደን፣ ከውቅያኖስ እስከ ሰው አንጎል ሕይወት እንዴት እንደተሳሰረ ያሳያል። በዚያው ሙዚየም ሌላ አዳራሽ ውስጥ 29 ሜትር ገደማ የሚረዝም የዓሣ ነባሪ አምሳያ ከኮርኒሱ ተንጠልጥሏል። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቂቅ ፕላንክተን ግን በምን ይንጠልጠል? ለፕሮጀክተር ትልቅም ትንሽም አንድ ነው።

ያን ሁሉ ግድግዳ አንድ ፕሮጀክተር አይሸፍነውም። ስለዚህ ብዙ ይደረደራሉ፤ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ያርፋል። በተደራረቡበት ስፍራ ሁለቱም ቀስ በቀስ እንዲደበዝዙ ይደረጋል። ግማሽና ግማሽ ሙሉ ይሆናል ካላችሁ ተሸወዳችሁ (እኔም ተሸውጄ ነበር)። ኮምፒውተሩ 50 በመቶ ሲል፣ በተለመደው አሠራር የሚወጣው ብርሃን 22 በመቶ ገደማ ነው። የሁለቱ ድምር 44! በቦግታው ፋንታ የጠቆረ ሰንበር ይመጣል። ሰንበሩ እስኪጠፋ ድረስ ስሌቱ ይታረማል።

ጥቁር ቀለም ግን አሁንም ያስቸግራል። ፕሮጀክተር ጥቁር አያወጣም፤ ጥቁር የምንለው ብርሃን ያልነካውን ግድግዳ ነው። «ጨለማ» ሲባልም ጥቂት ብርሃን ያፈስሳል፤ በተደራረበበት ደግሞ እጥፍ ነው። የሥራውን ጥራት ማየት የሚፈልግ ምስሉ ሌሊትን የሚያሳይበትን ትዕይንት ይጠብቅ።

አውቶቡስ ተራ ተቀምጣችሁ የጎናችሁ አውቶቡስ ሲነሳ የእናንተው የሄደ መስሏችሁ አያውቅም? እዚያ ክፍል ውስጥም እንደዚያው ነው። ምስሉ እስከ ዓይን ጥግ ድረስ ሲንቀሳቀስ አንጎል «ሄድኩ» ይላል፤ እግር ቆሞ።

ደግሞ አንዳንዴ ሰው ሲራመድ ምስሉ ይለወጣል። እንዲህ ባሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ከላይ የተሰቀለ ካሜራ፣ ዓይናችን በማያየው ብርሃን የሰውን እንቅስቃሴ ይከታተላል። የወለሉ ምስል ከአናት ነው የሚወርደው። ጥላችሁን ብትፈልጉት እንደ እኩለ ቀን እግራችሁ ሥር ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ።