መኪናው በማን ስም ነው? ያገለገለ ስቴሽን ስለ መግዛትና ስለ መያዝ



የዛሬው ንግግራችን እዚህ በሻዓራይምም ሆነ በኪርያት ሞሼ በየደጃፉ ቆሞ ስለምናየው፣ ከኋላው ረዘም ስላለውና ስቴሽን ተብሎ ስለሚጠራው የቤተሰብ መኪና ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን መኪና የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ልጆች አሉ፣ አያቶች አሉ። ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ለሠርግ ወደ አሽዶድ፣ ለለቅሶ ወደ ኪርያት ማላኺ መሄድ አለ። ሲመለሱም የጤፍ ከረጢትና ድስት ይጫናል። ይህን ሁሉ ትንሽ መኪና አይችለውም።

ስቴሽን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1960ዎቹ ሃይፋ ውስጥ ይሠራ የነበረው፣ አካሉ ከፋይበርግላስ የሆነው ሱሲታ በዚህ መልክ ይታወቅ ነበር። ሌሎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የዓረቦችን ማዕቀብ ፈርተው ለእስራኤል አንሸጥም ባሉበት ዘመን ሱባሩ ስለሸጠ፣ በ1980ዎቹ መንገዱን የሞላው ሱባሩ ነበር፤ ስቴሽኑም ከነዚሁ አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ሳለን ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ፔዦን ነው።

ነገር ግን መኪና ሞተርና ጎማ ብቻ አይደለም። መኪና ስም ነው፣ ግዴታም ነው። በማኅበራዊ ሠራተኝነቴ ሰዎች በመኪና ምክንያት ተቸግረው ሲመጡ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ሳይሆን ከወረቀቱ ይነሳል። ስለዚህ ከወረቀቱ እንጀምር።

ከሁሉ በፊት ስም

አንድ ልጅ ዕዳ አለበት እንበል። መኪናውን በራሱ ስም ቢያስመዘግብ በዕዳው ይያዝብኛል ብሎ ይፈራል። እናቱን «እማዬ፣ ለጊዜው በአንቺ ስም ይሁን» ይላታል። እናት ለልጇ እምቢ አትልም፤ ትፈርማለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማቆሚያ ቅጣት፣ የፍጥነት ቅጣት፣ የክቪሽ 6 ክፍያ ሁሉ በእሷ ስም ይመጣል። ሳይከፈል ከቆየም ጉዳዩ ወደ ሆጻአ ላፖዓል፣ ማለትም ወደ ዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ ሊሄድና የባንክ ሒሳቧን ሊያስይዝባት ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። ከቢቱዋሕ ሌኡሚ የኑሮ ድጎማ (ሃቭታሓት ሃኽናሳ) ለሚቀበል ሰው መኪና ቀላል ጉዳይ አይደለም። ድጎማው የሚሰጠው በ1980 በወጣው ሕግ ነው። በቀድሞው አሠራር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መኪና ያለው ወይም በመኪና የሚጠቀም ሰው ድጎማውን ያጣ ነበር። የካቲት ወር 2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28) ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ድንጋጌ ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ነው ብሎ ሻረው፤ ሕጉም በኋላ ተሻሻለ። ይህ ማለት ግን አሁን መኪና አይታይም ማለት አይደለም። የመኪናው ዋጋና የሥራ ገቢ ይመረመራል። በጡረታ ላይ ገቢ ማሟያ ለሚያገኙ አረጋውያንም ጉዳዩ ሊነካ ይችላል። ልብ ይበሉ፦ የሚታየው በስምዎ መመዝገቡ ብቻ ሳይሆን መጠቀምዎም ጭምር ነው።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ድጎማ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ከመግዛትዎ ወይም ለሌላ ሰው ስምዎን ከመስጠትዎ በፊት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ሄደው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ዕብራይስጡ ከከበደዎ ማኅበራዊ ሠራተኛዎን ይዘው ይሂዱ። ልጅን መርዳት መልካም ነው፤ ስም መስጠት ግን ከመፈረም በላይ ነው።

ሲገዙ ምን ይመልከቱ?

በጎንደር ገጠር በቅሎ የሚገዛ ሰው በቀለሟ ብቻ አይገዛም። ጥርሷን ከፍቶ ያያል፣ ኮርቻው ያረፈበትን ጀርባ ይዳስሳል፣ አስሂዶ እግሯን ይመለከታል። መኪናም እንደዚሁ ነው። ታጥቦ የሚያብረቀርቅ መኪና ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

መጀመሪያ የመኪናውን ፈቃድ (ሪሺዮን ሬኼቭ) ያንብቡ። የሻጩ ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? ስንተኛ እጅ ነው? ቀድሞ የግል ነበር ወይስ የሊዝ ወይም የኪራይ ድርጅት? ቀጥሎ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው የራሻም ሃማሽኮኖት መዝገብ መኪናው ለዕዳ መያዣ ሆኖ እንደሆነ ያጣሩ። በዕዳ የተያዘ መኪና ገዝተው፣ ገንዘብዎን ከፍለው፣ መኪናውን ሊነጠቁ ይችላሉና። ለዋጋው ደግሞ ሻጮችም ገዢዎችም የሚጠቅሱትን የሌቪ ይጽሐቅን የዋጋ ዝርዝር ይመልከቱ።

ሦስተኛ፣ መኪናውን እርስዎ በመረጡት መርማሪ ጣቢያ (ሜኾን ብዲካ) ያስመርምሩ፤ ሻጩ በመረጠው አይሁን። በ2008 የወጣው ያገለገለ መኪና ሽያጭ ሕግ ሻጩ ስለ መኪናው ዋና ዋና ነገሮችን ለገዢው እንዲገልጽ ያዛል። «ላስመርምረው» ሲሉት የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመዎ፣ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ለስቴሽን የሚሆን አንድ ልዩ ምርመራ አለ፤ እሱን ራስዎ ማድረግ ይችላሉ። የኋላውን መጫኛ ወለል ምንጣፍ ያንሡና ስኮርት ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ይመልከቱ። ውኃ ካቆረ ወይም ዝገት ካለ የኋላው በር ጎማ ያስገባል ማለት ነው። ብረቱ ከተጣጠፈ ወይም አዲስ ብየዳ ካለበት መኪናው ከኋላ ተመትቶ ሊሆን ይችላል። የኋላውን በር ከፍተው ይልቀቁት። ራሱን ችሎ የማይቆም ከሆነ የሚደግፉት ዘንጎች ደክመዋል፤ አንድ ቀን በልጅ ራስ ላይ ይወርዳል።

ሁሉ ከተስማማ፣ የስም ዝውውሩ (ሃዓቫራት ባዓሉት) በዚያው ቀን ይፈጸም። ገንዘቡና የስም ዝውውሩ አብረው ይሂዱ። «ነገ እናዛውራለን» የሚባል ነገር ለሻጭም ለገዢም አይበጅም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

ገንዘብ ሲቆጥሩ ደግሞ የመግዣውን ዋጋ ብቻ አይቁጠሩ። የዓመቱ ፈቃድ ክፍያና ቴስት፣ ኢንሹራንስ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቤንዚን፣ ያልታሰበ ብልሽት ሁሉ አለ። ይህን ደምረው ለ12 ወር ያካፍሉት። የሚደርሰውን በየወሩ ማስቀመጥ ከቻሉ መኪናውን ይችሉታል። ዕቁብ ደርስዎት የሚገዙ ከሆነ ሙሉውን ለመኪናው አያውሉት፤ ዕቁቡን ገና እየከፈሉ የመጀመሪያው ጥገና ሊመጣ ይችላል።

ሦስቱ ኢንሹራንሶች

ቢቱዋሕ ሖቫ የግዴታ ኢንሹራንስ ነው። ሾፌሩን፣ ተሳፋሪዎቹንና የተገጨውን እግረኛ ለአካል ጉዳት ይሸፍናል፤ ለብረት አይከፍልም። ጻድ ሽሊሺ በሌላው ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ነው። መኪፍ የራስዎን መኪናም ይጨምራል፤ ስርቆትንም ይሸፍናል።

በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ካሣ ሕግ መሠረት የተጎዳ ሰው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ካሣ ያገኛል። ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተጎዱ ተሳፋሪዎችና እግረኞችም ቀርኒት ወደተባለው ፈንድ መሄድ ይችላሉ። ነገር ግን ያለ ግዴታ ኢንሹራንስ መኪና የነዳ ባለቤት ራሱ ቢጎዳ የካሣ መብቱን ያጣል። እንግዲህ አስቡት፤ የቤቱ ጧሪ አልጋ ላይ ቢውል፣ ካሣም ባይኖር፣ ቤተሰቡ በምን ይኖራል? ስለዚህ ወረቀቱን ማውጣት ብቻ አይበቃም፤ ካልተከፈለበት ዋጋ የለውም። ደግሞም ፖሊሲው ለየትኛው ዕድሜ ሾፌር እንደሆነ ያንብቡ። ለአባት የተገዛ ኢንሹራንስ መንጃ ፈቃድ ትናንት ላወጣው ልጅ ላይሆን ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ጥገና ማለት ሲበላሽ ወደ ሙሳኽ መውሰድ ብቻ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይዩ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። የራዲያተሩን ውኃም ይዩ፤ ሆኖም ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ፤ የፈላ ውኃ ፊት ያቃጥላል። በቧንቧ ውኃ ብቻ አይሙሉት፤ ለራዲያተር የተዘጋጀው ፈሳሽ ዝገትንም ይከላከላል።

ሞተሩ የጊዜ ቀበቶ (ችንጋ) ያለው ከሆነ፣ በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ኪሎሜትር ወይም ዓመት ያስቀይሩት። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ሻጩ ከሌለው እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ሲበጠስ ሞተሩን ሊሰብር ይችላል፤ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጎማ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ 4 አኃዝ ተጽፏል። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ቢሆንም፣ ካረጀና ከተሰነጣጠቀ በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ሊፈነዳ ይችላል። የአየሩ መጠን በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ አንዱ ለባዶ፣ አንዱ ለሙሉ ጭነት ነው። ወደ ሩቅ ከተማ ከመሄድዎ በፊት በሙሉ ጭነቱ መጠን ያስሞሉ።

ሰውና ጭነት

የኋላው ቦታ የዕቃ እንጂ የሰው አይደለም። ፈቃዱ ላይ 5 ሰው ከተጻፈ 5 ሰው ነው። ለሠርግ ሲቸኩሉ ልጆችን ከኋላ ከዕቃው ጋር መጫን፣ ፍሬን ሲያዝ ልጆቹን ወደ መስተዋት መወርወር ነው። ዕቃውንም ይሰሩት፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ድስት ከኋላ መጥቶ ሰው ይመታል። ዕቃ ረዝሞ የኋላ በር ከፍቶ መሄድም አደገኛ ነው፤ የጭስ ማውጫው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባና ያፍናል።

እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለዕድሜው በሚሆን መቀመጫ ወይም በከፍታ መቀመጫ ይቀመጥ። ሕፃንን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በቆመ መኪና ብቻውን አይተዉ። የዚህ አገር ፀሐይ የተዘጋ መኪናን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ምድጃ ያደርገዋል። ከ2021 ጀምሮ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሾፌሩን የሚያስታውስ መሣሪያ በመኪናው ውስጥ እንዲኖር ደንብ ወጥቷል።

ጽዳት

ወጥ ወንበር ላይ ከፈሰሰ አይፈትጉት፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በማንኪያ ያንሡት፣ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ይምጠጡት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጥረጉት። የቅቤና የበርበሬ ሽታ ካልለቀቀ የመጋገሪያ ሶዳ በትነው ያሳድሩና በቫኩም ይጥረጉ። እርጥብ ምንጣፍ መልሰው አያንጥፉ፤ ይሻግታል፣ ከሥሩም ብረቱ ይዝጋል።

ውጭውን በጥላ ሥር፣ ከላይ ወደ ታች ይጠቡ። የሳህን ሳሙና የቀለሙን ሰም ያጥባል፤ የመኪና ሳሙና ይሻላል። የወፍ ኩስና ከዛፍ የሚንጠባጠብ ሙጫ ፀሐይ ሳያደርቀው በእርጥብ ጨርቅ ያንሡ። መሪውንና የፍሬን መርገጫውን ግን በሚያንሸራትት ቅባት አያብረቅርቁ። ንጹሕ መኪና ለዓይን ብቻ አይደለም፤ ወለሉን ሲያጸዱ ውኃ የሚያስገባውን ቀዳዳ፣ ሞተሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት ቀድመው ያያሉ።

ውድ አንባቢያን፣ መኪና ቤተሰብን የሚያገናኝ መልካም ነገር ነው። ይህን ንግግር ያነበባችሁ ልጆች፣ ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው፤ ስማቸው ያለበትን ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት አብራችሁ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ቀኑ ያለፈበት ካለ ዛሬውኑ አድሱት።

መልካም መንገድ! ቸር ያገናኘን።