ዳኛው ወይስ ተመልካቹ?

መተማም ሁኑ ገንዳ ውሃ፣ በስልካችሁ ፊልም አይታችሁ «ይሄ እንዴት አልተሸለመም?» ብላችሁ ይሆናል። ክርክሩ የእናንተ ብቻ አይደለም።

የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ የሰራው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ። ዋናው የወርቅ አንበሳ ግን ለአሜሪካው «ዘ ሬስለር» ሄደ። በ2009 ዋጋዱጉ ላይ፣ በፌስፓኮ፣ ያው «ጤዛ» አንደኛ ወጣ።

«ድፍረት»ንም በ2014 ሰንዳንስ ላይ የመረጠው ተመልካቹ ነው፤ ዳኞቹ በዚያው ዘርፍ ዋናውን ሽልማት ለቺሊ ፊልም ሰጡ።

ማን ተሳሳተ? ማንም። ዳኞች ጥቂት ናቸው፤ ተከራክረው ይወስናሉ። ተመልካች ደግሞ ልቡን የነካውን ይመርጣል።

ፊልም የምትሰሩ ከሆነ፣ አንድ የዳኞች ቡድን ስላለፋችሁ ካሜራውን አታስቀምጡ። ሌላ ዳኛ አለ።