ዋናው ደብዳቤ የት ነው ያለው?

ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ወደ ዑራኤል በሚወስደው በኩል፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ለአሥራ ስድስት ዓመት ቢሮዬ ነበረች። በሯ ላይ «የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ» ይል ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የወራሽነት ውሳኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። ከደንበኞቼ ግማሾቹ ወረቀታቸውን በፌስታል ይዘው ደረጃውን ወጥተው ይመጣሉ፤ ግማሾቹ ከሜሪላንድ፣ ከሮም፣ ከጅዳ በኢሜይል ይልካሉ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ እኔም እንደ ጎረቤቶቼ ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። መደርደሪያው፣ ማኅተሙ፣ መዝገበ ቃላቶቼ በደኅና ደረሱ። ኮምፒውተሩ ግን ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ ከእጃችን አመለጠ፤ ሃርድ ዲስኩ ከዚያ ወዲያ አልሠራም። አልደነገጥኩም ነበር። ሰነዶቹን ለደንበኞቼ የላክሁት በኢሜይል ነው፣ ኢሜይል ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው ብዬ ነበር። ታብሌቴን አውጥቼ የደብዳቤ ሳጥኔን ከፈትሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ የነበረበት ሳጥን ውስጥ የአራት ቀን ብቻ አገኘሁ።

በዚያው ሳምንት በሜሪላንድ ያለች አንዲት ደንበኛዬ የአባቷን የወራሽነት ውሳኔ ትርጉም እንደገና እንድልክላት ጠየቀችኝ። ከዓመታት በፊት የሠራሁላት ነው፤ የእሷ ቅጂ ጠፍቶባት ነበር። የእኔም ጠፍቷል ብዬ ስጽፍላት ያሳፈረኝን ያህል በሥራዬ አፍሬ አላውቅም።

የእህቴ ልጅ የኮምፒውተር ሰው ነው። መጥቶ ታብሌቱን አገላበጠና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «አክስቴ፣ ዋናው ደብዳቤ የት ነበር የሚቀመጠው?» ጥያቄው አልገባኝም። ዛሬ ግን በኮምፒውተርም በታብሌትም ኢሜይል የሚከፍት ሰው ሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ይህንኑ ይመስለኛል።

አባቴ ፖስታ ሳጥን ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፋቸውን ይዘው ቸርችል ጎዳና ወዳለው ዋናው ፖስታ ቤት ይሄዳሉ፣ የመጣውን ደብዳቤ አውጥተው በኪሳቸው ይዘው ይመለሳሉ። ሳጥኑ ባዶውን ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ያንን ደብዳቤ ማንበብ የፈለገ ቤታችን መጥቶ ከአባቴ መሳቢያ ማውጣት አለበት። ኮምፒውተሬ ለአሥራ አንድ ዓመት የኢሜይል ደብዳቤዎቼን ያወጣ የነበረው ልክ በዚህ መንገድ ነው። መንገዱ ፖፕ ይባላል፤ ስሙም ሲፈታ «የፖስታ ቤት ፕሮቶኮል» ማለት ነው። ፕሮቶኮል የምንለው ሁለት ማሽኖች የሚግባቡበትን ስምምነት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን እንደሚመለስ የሚወስን። በፖፕ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን፣ ማለትም የፖስታ ቤቱን ኮምፒውተር፣ ይጠራል፣ ስንት ደብዳቤ እንዳለ ይጠይቃል፣ አንድ በአንድ ያወርዳል፣ «ሰርዝ» ይላል፣ ይሰናበታል። ሰርቨሩ የሚሰርዘው ከስንብቱ በኋላ ነው፤ መስመር መሐል ላይ ቢቋረጥ ደብዳቤ እንዳይጠፋ ተብሎ የታሰበ ነው።

ምልክቱን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር። ማለዳ ታክሲ ውስጥ በታብሌቴ ያነበብሁት ደብዳቤ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከከፈትሁ በኋላ ታብሌቱ ላይ አይገኝም። ኔትወርክ ነው እያልሁ አልፌዋለሁ።

ፖፕን ግን አልወቅሰውም፤ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ከራሴ ዕድሜ አውቀዋለሁና። የመጀመሪያው ስሪት በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሦስተኛው በ1988 ተጽፎ በ1996 ተስተካክሏል። ያን ጊዜ መስመር ውድ ነበር፣ የሰርቨር ቦታም ጠባብ ነበር። ከኢትዮጵያ ደግሞ ኢሜይልን ቀድመው ካዩት አንዷ ካዛንቺስ ናት። በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ማዕከል ነበር። አገሪቱ ኢንተርኔት ሳይኖራት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፊዶኔት በሚባለው መንገድ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ግድም በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሳለሁ በዚያ ተጠቅሜያለሁ። ደብዳቤውን አስቀድሜ እጽፋለሁ፤ ሞደሙ እየጮኸ ወደ ፓዲስ ይደውላል፣ የእኔን ያስረክባል፣ የመጣልኝን ይቀበላል፣ ስልኩ ይዘጋል። ፓዲስም በበኩሉ የሰበሰበውን በዓለም አቀፍ ስልክ ለንደን ካለው ግሪንኔት ከሚባል የኔትወርክ ድርጅት ጋር ይለዋወጣል። ወደ ለንደን የጻፍሁት መልስ በማግሥቱ ሲመጣ የቢሮው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አይቶታል።

በ1989 ዓ.ም. ቴሌ ኢንተርኔት ሲጀምር አድራሻችን «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» በሚል ማለቅ ያዘ። በስልክ መስመር ገብተን ደቂቃ እየቆጠርን አውትሉክ ኤክስፕረስ በሚባል ፕሮግራም እናወርዳለን፣ ቶሎ ብለን እንወጣለን፣ ከዚያ ተረጋግተን እናነባለን። ለእንዲህ ያለው ኑሮ ከፖፕ የሚሻል አልነበረም። ቦታውም ቢሆን ሰርቨር ላይ ደብዳቤ አከማችቶ መቀመጥን አይፈቅድም ነበር፤ ጂሜይል በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ጊጋባይት ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሆትሜይል በነጻ የሚሰጠው ሁለት ሜጋባይት ብቻ ነበር። አንድ ሰው በስልኩ ያነሳት የዛሬ ፎቶ እንኳ ብዙ ጊዜ አትገባበትም። እኔ ያን ጊዜ የለመድሁትን አሠራር ሳልቀይር፣ አዲስ ኮምፒውተር በገዛሁ ቁጥር እየገለበጥሁ፣ ታብሌት እስከ መያዝ ደረስሁ። የኔ ስሕተት ይኸው ነው።

ሌላው መንገድ አይማፕ ይባላል። ማርክ ክሪስፒን የተባለ ሰው በ1986 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የነደፈው ነው። ሐሳቡ ደብዳቤው ከፖስታ ቤቱ አይውጣ ነው። ሳጥኑ እዚያው ሙሉውን ይቀመጣል፤ ቁልፍ ያለው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም ታብሌቱም ስልኩም፣ የሚያየው ያንኑ አንድ ሳጥን ነው። ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ምልክት ይይዛል፤ ተነቧል፣ መልስ ተሰጥቶበታል፣ ኮከብ ተደርጎበታል፣ ረቂቅ ነው። ታክሲ ውስጥ ያነበብሁት ቢሮ ስገባ «የተነበበ» ሆኖ ይጠብቀኛል። በታብሌት የጀመርሁትን ረቂቅ በኮምፒውተር እጨርሰዋለሁ። ለደንበኞቼ የከፈትኋቸው ፎልደሮችም በሁለቱም ላይ አንድ ናቸው። በፖፕ ይህ የለም። ፖፕ የሚያውቀው መግቢያ ሳጥኑን ብቻ ነው፤ ከታብሌት የላክሁት መልስ እንኳ ኮምፒውተሩ ላይ አይታይም ነበር። የላክሁትን አንዴ ረስቼ ሁለተኛ የተረጎምሁበት ጊዜ አለ።

ፖፕ ላይ «ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ተው» የሚል ምርጫ አለ። የእህቴ ልጅ እንደሚለው እሱን ብመርጥ ኖሮ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ይተርፉ ነበር። እውነት ነው፤ የእነሱን መጥፋት ያስቀራል። ማስማማቱን ግን አያመጣም፤ ሁለቱ ማሽኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያወርዳሉ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው አያውቅም። ስለዚህ ማሽኑ ከአንድ በላይ ለሆነ ሰው ምክሬ አይማፕ ነው፤ በዚህ አላመነታም።

ዳታ የሚቆጥብ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ያገኝበታል። አይማፕ በመጀመሪያ የላኪውን ስምና ርእሱን ብቻ ማምጣት ይችላል፤ አባሪው ሲጠየቅ ይመጣል። ጅዳ ያለ ሰው የፓስፖርቱን አሥር ገጽ ፎቶ አንሥቶ ሲልክልኝ ታብሌቴ በሞባይል ጥቅሌ አያወርደውም፤ ዋይፋይ ያለበት ስደርስ እከፍተዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከፖፕ ዘመን ይናፍቀኛል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ እኔ ሥራዬን አላቆምሁም፤ የቆየው ደብዳቤ ሁሉ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነበርና። አይማፕ የሚጠቀም ሰው ይህንን ሊያጣ አይገባም። ኮምፒውተሩ ላይ ተንደርበርድን የመሰለ ፕሮግራም ጭኖ መልእክቶቹ ኮምፒውተሩም ላይ እንዲቀመጡ ማዘዝ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ኔትወርክ ቢሄድ ላፕቶፑ ውስጥ ይነበባሉ። ታብሌት ላይ ያለው መተግበሪያ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው የቅርቡን ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ መተማመን አይበጅም።

አይማፕ የራሱ አደጋም አለው፤ ሰው በጣም የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ አንድ በመሆኑ አንዱ ጋ የተሰረዘ ሁሉም ጋ ይሰረዛል። ሕፃን ልጅ በታብሌቱ ሲጫወት የጠረገው ፎልደር ከቢሮው ኮምፒውተርም ይጠረጋል። ማስማማት መጠባበቂያ አይደለም። እኔ አሁን በየወሩ መጨረሻ የደብዳቤዎቼን ቅጂ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጬ እህቴ ቤት አኖረዋለሁ። ቦታም ያልቃል፤ ጂሜይል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከፎቶና ከሰነድ ጋር የሚጋሩት ነው። ሳጥኑ ከሞላ አዲስ ደብዳቤ አይቀበልም።

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ መጀመሪያ የሄድሁት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖሩ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ ነው። ካዛንቺስ ሳለን ቢሮአችን ጎን ለጎን ነበር። የእርሳቸውም አሠራር ፖፕ ነበር፤ ኮምፒውተራቸው ግን ገና አለ። «ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ይህ ከተበላሸ አለቀ» አልኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ኢሜይል እኮ ነው፣ እንዴት ይጠፋል?» አሉኝ። የእኔን ነገርኋቸው።

ተቀምጠን ሠራነው። ከሁሉ በፊት የደብዳቤ ማኅደራቸውን ወደ ፍላሽ ገለበጥን። የነበረውን የፖፕ አካውንት ሳንነካ ያንኑ አድራሻ በአይማፕ ሁለተኛ አድርገን አስገባን፤ የሰርቨሩን ስም፣ የወደብ ቁጥሩን 993። ለፖፕ 995፣ ለአይማፕ 993 የተመሰጠሩት ናቸው፤ ካፌ ዋይፋይ ላይ የሚከፍት ሰው በድሮዎቹ 110 እና 143 ከተጠቀመ የይለፍ ቃሉ ለሰው ዓይን ሊጋለጥ ይችላል። መላኪያው በሁለቱም መንገድ ያው ኤስኤምቲፒ ስለሆነ አልነካነውም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፎልደሮች በማውስ እየጎተትን ወደ አይማፑ ሳጥን ጣልናቸው። ፕሮግራሙ አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ መጫን ጀመረ። ሰው ሁሉ ይህ እንደሚቻል ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ለዓመታት የወረደ ደብዳቤ ተመልሶ መውጣት ይችላል። በእርሳቸው መስመር ሦስት ሌሊት ፈጀ፤ መሐል ላይ መብራት ሁለቴ ሄዶ ከቆመበት ቀጠልን።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ደወሉልኝ። ታብሌታቸውን ቡና ላይ ይዘው የ2003 ዓ.ም. ፎልደር ከፍተዋል። አሁን ካናዳ ያለው ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ የጻፈላቸውን የመጀመሪያ ደብዳቤ አግኝተው በስልኩ ያነቡልኝ ጀመር።